ከሞገድ ወደ ቁጥር፦ የሬዲዮ ተቀባይ መቀየሪያ በጥቂት ኃይል እንዲሠራ የሚነደፈው እንዴት ነው?

የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል መሣሪያ ሁሉ፣ የእጅ ስልክም ይሁን ደረት ላይ ተለጥፎ የልብ ምትን የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ፣ በአንቴናው የሚይዘው ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ የሚል ደካማ ቮልቴጅ ነው። መልእክቱን ፈልቅቆ የሚያወጣው ፕሮሰሰር ደግሞ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር አያውቅም። በሁለቱ መካከል ቆሞ ቮልቴጁን በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር የሚለውጠው ክፍል የአናሎግ-ዲጂታል መቀየሪያ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ ባጭሩ መቀየሪያ እለዋለሁ። ይህ መቀየሪያ ልኬቱን ሳያዛባ፣ ባትሪውንም ሳይጨርስ እንዲሠራ ምን ምን ታስቦ እንደሚነደፍ ቀለል ባለ ቋንቋ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የኃይሉ ጉዳይ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስብ በስሌት ማየት ይቻላል። ሲአር 2032 የሚባለው የሳንቲም ቅርጽ ያለው የተለመደ ባትሪ በ3 ቮልት 225 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ይህም ወደ 2,400 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ነው። 50 ሚሊዋት የሚወስድ መቀየሪያ ያለማቋረጥ ቢሠራ፣ ሌላው የተቀባዩ ክፍል ምንም ባይወስድ እንኳ፣ ባትሪውን በ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ያሟጥጠዋል። 26 ማይክሮዋት የሚወስድ መቀየሪያ ግን በዚያው ባትሪ 3 ዓመት ያህል ይቆያል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ምኞት አይደለም፤ ለአነስተኛ ኃይል ሬዲዮዎች ታስቦ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ፣ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ የሚለካ ባለ 8 ቢት መቀየሪያ የወሰደው ኃይል ነው።

የመቀየሪያ ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው ናሙና መውሰድ ነው፤ ክሎክ የሚባለው የጊዜ ምት በመታ ቁጥር አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይቋረጥና የዚያች ቅጽበት ቮልቴጅ የኤሌክትሪክ ቻርጅ በሚያከማች ትንሽ ክፍል፣ በካፓሲተር፣ ላይ ተይዞ ይቀራል። ሁለተኛው የተያዘውን ቮልቴጅ በእኩል ደረጃዎች ከተከፋፈለ መስፈሪያ ጋር አስተያይቶ የቅርቡን ደረጃ ቁጥር መስጠት ነው። ናሙናው ምን ያህል ቶሎ ቶሎ መወሰድ እንዳለበት የሚወስነው የሚፈለገው ሲግናል የሚይዘው የፍሪኩዌንሲ ስፋት ነው፤ ከዚያ ስፋት ከእጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ካልተለካ የተለያዩ ሲግናሎች አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ፣ ከተደረቡም በኋላ መልሶ ለመለየት መንገድ የለም። የደረጃዎቹ ብዛት በቢት ይገለጻል፤ 8 ቢት 256፣ 12 ቢት ደግሞ 4,096 ደረጃ ይሰጣል። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር ሲግናሉ ከማጠጋጋት ስሕተቱ የሚበልጥበት ልክ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ ዴሲቤል አንዱ መጠን ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ በሎጋሪዝም የሚገልጽ መለኪያ ነው።

ስለዚህ የንድፉ የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ቢትና ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል የሚለው ነው። እኔ እንደማምነው ትልቁ የኃይል ቁጠባም ሆነ ትልቁ ብክነት የሚወሰነው አንድም ትራንዚስተር ሳይሳል በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አስገራሚው ነገር የሚፈለገው ሲግናል ራሱ ብዙ ቢት አለመጠየቁ ነው፤ ቢት የሚያስጨምረው በአጠገቡ ያለው ባዕድ ሲግናል ነው። ለምሳሌ የሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ስልክ ደረጃ የሆነው ጂኤስኤም፣ የሚፈለገው ሲግናል −99 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተገለጸ ኃይል) ሆኖ ሳለ ከእርሱ 3 ሜጋኸርዝ ርቆ −23 ዲቢኤም የሆነ ባዕድ ሲግናል ቢመጣ እንኳ ስልኩ መልእክቱን በትክክል ማንበብ እንዲችል ያስገድዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 76 ዴሲቤል ነው፤ በኃይል ሲሰላ 40 ሚሊዮን እጥፍ፣ በቮልቴጅ ሲሰላ ደግሞ 6,300 እጥፍ ያህል ይሆናል።

እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለው ተቀባይ ሁለት አማራጭ አለው። ወይ ከመቀየሪያው በፊት ጠንካራ ፊልተር አስቀምጦ ባዕዱን ሲግናል ማስቀረትና ለመቀየሪያው ጥቂት ቢት መተው፣ ወይም ሁለቱንም አንድ ላይ አስገብቶ ማጣራቱን በቁጥር ዓለም ማካሄድ ነው። በሁለተኛው መንገድ መቀየሪያው ትልቁን ሲግናል ሳይቆርጥ መሸከም፣ ትንሹንም ከስሕተቱ በላይ አንጥሮ ማሳየት አለበት፤ 76ቱ ዴሲቤል ላይ ለንባብ የሚያስፈልገውን 10 ዴሲቤል ያህል ብንደምርበት ምንም መጠባበቂያ ሳንይዝ 14 ቢት ሞላን ማለት ነው። ፊልተሩም ግን በነፃ አይሠራም፤ ማጉያዎቹ ኃይል ይወስዳሉ፣ የራሳቸውን ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚያደበዝዝ የዘፈቀደ መዋዠቅ፣ ይጨምራሉ፣ ባዕዱ ሲግናል ሲበረታም ያዛባሉ። ስለዚህ ፊልተሩንና መቀየሪያውን ለየብቻ አሳንሶ መጨረስ አይቻልም፤ ድንበሩን ወዲህና ወዲያ እየገፉ የሁለቱ ድምር ትንሹ የሚሆንበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ የጂፒኤስ ተቀባይ ይገኛል። የጂፒኤስ ሲግናል ምድር ሲደርስ −130 ዲቢኤም አካባቢ ነው፤ ይህም ማለት ከተቀባዩ የራሱ ኖይዝ ሥር ተቀብሮ ይመጣል ማለት ነው። የሚወጣውም አስቀድሞ የታወቀ ረጅም ኮድ ከብዙ ሺሕ ናሙና ጋር እየተስተያየ ሲደመር ነው። እንዲህ ላለ ሲግናል እያንዳንዱን ናሙና አጥርቶ መለካት ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ባዕድ ሲግናል በሌለበት 1 ቢት ብቻ መጠቀም፣ ማለትም ቮልቴጁ ከዜሮ በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ ብቻ መጠየቅ፣ የሚያሳጣው 2 ዴሲቤል ያህል ሲሆን፣ በ2 ቢት ደግሞ ጉድለቱ ከ0.6 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። ለአንዱ ሬዲዮ 14 ቢት ግዴታ ሲሆን ለሌላው 2 ቢት ይበቃል። ለጂፒኤስ ተቀባይ 10 ቢት የሚያስገባ ሰው ባትሪውን ለማይታይ ነገር ያወጣዋል።

ቢት ለምን ኃይል እንደሚፈጅ ለመረዳት ናሙናውን ወደያዘችው ካፓሲተር መመለስ ያስፈልጋል። ቮልቴጅ በካፓሲተር ላይ በተያዘ ቁጥር በሙቀት ምክንያት ዕረፍት የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ትንሽ ስሕተት ይተዉበታል፤ የሙቀት ኖይዝ የሚባለው ይህ ነው። ስሕተቱ የሚወሰነው በሙቀቱና በካፓሲተሩ መጠን ብቻ ስለሆነ የትኛውም የነዳፊ ብልሃት አያጠፋውም። በክፍል ሙቀት በ1 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ላይ 64 ማይክሮቮልት ያህል ይሆናል፤ ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ካፓሲተሩ 4 እጥፍ መተለቅ አለበት። መስፈሪያው 1 ቮልት የሚሸፍን ቢሆንና የሙቀት ኖይዙ ከማጠጋጋት ስሕተቱ ጋር እኩል እንዲሆን ብንፈልግ፣ ለ8 ቢት 3.3 ፌምቶፋራድ፣ ማለትም የፒኮፋራድ ሦስት ሺሕኛ ያህል፣ ይበቃል። ለ12 ቢት 0.83 ፒኮፋራድ፣ ለ14 ቢት 13 ፒኮፋራድ፣ ለ16 ቢት ደግሞ ከ200 ፒኮፋራድ በላይ ያስፈልጋል። ይህን ካፓሲተር በእያንዳንዱ ናሙና መሙላትና ማራገፍ ግድ ስለሆነ የሚወጣው ጉልበትም በዚያው ልክ፣ በየቢቱ በ4 እጥፍ፣ ይወጣል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፣ ከ10 ቢት በታች ባለው ሰፈር ፊዚክስ ገና ያልነካን መሆኑ ነው፤ እዚያ ኃይል የሚበላው ካፓሲተሮቹን ተመጣጣኝ አድርጎ ለመሥራት የሚጨመረው መጠን፣ የሽቦዎቹ ያልተፈለገ ካፓሲታንስና የቁጥጥር ሎጂኩ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በጥሩ ንድፍና ትራንዚስተሮቹ ይበልጥ ባነሱበት የአመራረት ትውልድ ይቀንሳሉ። ሁለተኛው ስለ ቮልቴጅ ነው። የቺፑን ቮልቴጅ በግማሽ ዝቅ ማድረግ በዲጂታል ሎጂክ ለአንድ ተግባር የሚወጣውን ጉልበት ወደ ሩብ ስለሚያወርደው፣ ለመቀየሪያም ያው ምክር ሲሰጥ ይሰማል። በሙቀት ኖይዝ የተገደበ መቀየሪያ ላይ ግን ቮልቴጁ ሲቀንስ ሲግናሉም አብሮ ያንሳል፤ ኖይዙን በዚያው ልክ ለማሳነስ ካፓሲተሩ 4 እጥፍ መሆን አለበት፤ በአንድ እጅ የተገኘው በሌላው እጅ ይሄዳል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ለባለ 8 ቢት መቀየሪያ በረከት ሲሆን ለባለ 14 ቢቱ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ነው።

ሌላው የኃይል በር ክሎክ ነው። የክሎኩ ምት ትንሽ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ፣ በፍጥነት በሚወጣና በሚወርድ ሲግናል ላይ ያቺ ትንሽ የጊዜ ስሕተት የቮልቴጅ ስሕተት ትሆናለች። የምቱ መዋዠቅ 1 ፒኮሴኮንድ፣ ማለትም የሴኮንድ ትሪሊዮንኛ፣ ቢሆን የ100 ሜጋኸርዝ ሲግናል ከ64 ዴሲቤል በላይ ሊጠራ አይችልም፤ ይህም ከ10 ቢት ትንሽ ይበልጣል። ሲግናሉ 1 ጊጋኸርዝ ሲሆን ደግሞ ጣሪያው ወደ 44 ዴሲቤል፣ ማለትም ወደ 7 ቢት፣ ይወርዳል። አንቴናውን በቀጥታ ከመቀየሪያ ጋር አገናኝቶ የቀረውን ሁሉ ለሶፍትዌር መተው ያማረ ሐሳብ ሆኖ ሳለ፣ በትንሽ ባትሪ በሚሠራ ሬዲዮ ውስጥ እምብዛም የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። እንደ ብሉቱዝ ያለ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ተቀባይ ሲግናሉን አስቀድሞ በሚክሰር ወደ ጥቂት ሜጋኸርዝ ያወርደዋል፤ በዚያ ደረጃ ተራ ክሎክ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ ሲግናሉ በሁለት ተጣማሪ መስመሮች ስለሚወርድ መቀየሪያውም ሁለት መሆኑን የኃይል ሒሳብ የሚሠራ ሰው መርሳት የለበትም።

አሁን ወደ መቀየሪያዎቹ ዓይነት እንምጣ። ፍላሽ የሚባለው ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ኮምፓራተር ያሰልፋል፤ ኮምፓራተር ከሁለት ቮልቴጆች የትኛው እንደሚበልጥ የሚናገር ሰርኪዩት ነው። ለ8 ቢት 255 ኮምፓራተር ማለት ስለሆነ ፍጥነቱ የሚያስቀና ቢሆንም ለትንሽ ባትሪ አይመከርም። ፓይፕላይን የሚባለው በየደረጃው ጥቂት ቢት እየወሰነ ቀሪውን አጉልቶ ለቀጣዩ ያስተላልፋል፤ ማጉያዎቹ ትክክለኛ መሆን ስላለባቸው በልማዳዊው አሠራር ያለማቋረጥ ከረንት ይስባሉ።

የአነስተኛ ኃይል ሬዲዮ ዋነኛ መሣሪያ የሆነው ሳር (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ SAR) የሚባለው ዓይነት ነው። አሠራሩ በሁለት ሳህን ሚዛን፣ እያንዳንዱ የቀደመውን ግማሽ በሆነ መመዘኛ ድንጋይ፣ ዕቃ እንደመመዘን ነው። የመስፈሪያው ሙሉ ልክ 1 ቮልት፣ የተያዘው ናሙና 0.64 ቮልት፣ መቀየሪያውም ባለ 4 ቢት ነው እንበል። መጀመሪያ 0.5 ተጥሎ ይጠየቃል፤ ናሙናው ይበልጣል፤ 1 ተጻፈ፣ ድንጋዩም እዚያው ቆየ። 0.25 ሲጨመር 0.75 ይሆናል፤ ናሙናው ያንሳል፤ 0 ተጻፈ፣ ድንጋዩም ተነሣ። 0.125 ተጨመረ፣ 0.625 ሆነ፤ ናሙናው ይበልጣል፤ 1። በመጨረሻ 0.0625 ሲጨመር 0.6875 ይሆናል፤ ያንሳል፤ 0። የወጣው ቁጥር 1010፣ ማለትም ከ16 ደረጃ 10ኛው፣ 0.625 ቮልት ነው። አራት ጥያቄ፣ አንድ ኮምፓራተር፣ አራት ቢት። እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ጄምስ ማክሪሪና ፖል ግሬይ እነዚህ መመዘኛ ድንጋዮች በቺፕ ላይ በካፓሲተሮች ሊሠሩ እንደሚችሉ አሳዩ፤ ናሙናውን የሚይዙትና የሚመዝኑትም እነዚያው ካፓሲተሮች ናቸው።

የሳር ትልቁ ጸጋ ሥራ ሲያቆም መብላትም ማቆሙ ነው። ያለማቋረጥ ከረንት የሚስብ ማጉያ የለበትም፤ ኮምፓራተሩ ጉልበት የሚወስደው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የናሙና ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚወስደው ኃይልም በግማሽ ይቀንሳል፣ የትራንዚስተሮቹ ፍሳሽ ከረንት ጎልቶ እስኪታይ ድረስ። የቀረው ቁጠባ የእጅ ጥበብ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2011 መቀየሪያ የተጠቀመባቸው መሠረታዊ ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው 0.5 ፌምቶፋራድ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ሥራ ደግሞ ካፓሲተሮቹ የሚቀያየሩበትን ቅደም ተከተል ብቻ በመለወጥ፣ መጀመሪያ አስቀምጦ በኋላ የማንሣቱን ብክነት አስቀርቶ፣ ለመቀያየሩ የሚወጣውን ጉልበት በአማካይ በ81 በመቶ ቀነሰ። ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን ሪደንደንሲ የሚባለውን ዘዴ ነው፤ ድንጋዮቹ በትክክል ግማሽ በግማሽ እንዲቀናነሱ ከማድረግ ይልቅ ትንሽ ተደራራቢ ሆነው ይሠራሉ፤ በዚህም የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች በችኮላ ቢሳሳቱ የኋለኞቹ ያርሟቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች ስሕተት የሚፈቀድላቸው ከሆነ ቮልቴጁ ሙሉ በሙሉ እስኪረጋ መጠበቅም፣ ኖይዙ ዝቅ ያለ ውድ ኮምፓራተር መጠቀምም የሚያስፈልገው ለመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ብቻ ይሆናል።

ቢቱ ከ12 ሲያልፍና የሲግናሉ ስፋት ጠባብ ሲሆን ዴልታ-ሲግማ የሚባለው ዓይነት ይመጣል። በጃፓን ኢኖሴና ያሱዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረቡት ይህ መንገድ ሻካራ መለኪያን ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ በፈጠነ ፍጥነት ያሠራና፣ የእያንዳንዱን ልኬት ስሕተት ወደ ኋላ መልሶ ከቀጣዩ ላይ እየቀነሰ ስሕተቱን ከሚፈለገው ፍሪኩዌንሲ ውጭ ይገፋዋል። ፍጥነትን በእጥፍ መጨመር ብቻውን የሚያስገኘው 3 ዴሲቤል ሲሆን፣ ስሕተቱን የመግፋቱ ሥራ አንድ ጊዜ ሲታከልበት 9፣ ሁለት ጊዜ ሲታከልበት 15 ዴሲቤል ይሆናል። ለሬዲዮ የሚመረጠው ከናሙና በፊት ያለማቋረጥ የሚሠራው ዝርያው ነው፤ ምክንያቱም በተፈጥሮው የፊልተር ሥራ አብሮ ስለሚሠራ ከፊቱ የሚቆመውን ፊልተር ያቀልለታል። በአንጻሩ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሲግናል ለክሎክ መዋዠቅ ስሱ ነው።

መቀየሪያዎችን ለማወዳደር የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። ሮበርት ዋልደን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ዳሰሳ የታወቀው ይህ መለኪያ፣ የሚወሰደውን ኃይል በናሙና ፍጥነቱና መቀየሪያው በእውነት በሚለያቸው ደረጃዎች ብዛት ያካፍላል፤ ውጤቱ ለአንድ ደረጃ የወጣ ጉልበት ነው። በዚህ መለኪያ የ2011ዱ መቀየሪያ 12 ፌምቶጁል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በሆላንድ ትዌንተ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው በ1.9 ማይክሮዋት የሚሠራ ባለ 10 ቢት መቀየሪያ ደግሞ 4.4 ፌምቶጁል አግኝተዋል። ቁጥሮቹ የሚያስደንቁ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይሸፍናሉ። መለኪያው አንድ ቢት ሲጨመር ኃይል በእጥፍ ያድጋል ብሎ ስለሚያስብ፣ በሙቀት ኖይዝ የተነሣ በየቢቱ 4 እጥፍ የሚከፍለውን ባለ ብዙ ቢት መቀየሪያ ይበድላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መቀየሪያውን የሚያገለግሉት ክፍሎች፣ ማለትም ናሙናውን የሚሞላው ማጉያና የመስፈሪያውን ቮልቴጅ የሚያቀርበው ምንጭ፣ ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ውስጥ አለመካተታቸው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከመቀየሪያው ራሱ የበለጠ ኃይል የሚወስዱበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ አንድን የታተመ ቁጥር ከማመኔ በፊት የመስፈሪያው ቮልቴጅ ከቺፑ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ከላቦራቶሪ መሣሪያ የመጣ የሚለውን እፈልጋለሁ።

የመስፈሪያው ምንጭ አስቸጋሪነት የሚገለጠው ሬዲዮው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ ሲነቃ ነው። ዝቅተኛ ኃይል ያለው ብሉቱዝ በ1 ሜጋቢት ፍጥነት ሲሠራ የመልእክቱ መግቢያ 8 ማይክሮሴኮንድ ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ተቀባዩ ማጉያውን ማስተካከል ስላለበት የመስፈሪያው ቮልቴጅ ከዚያ በፊት መርጋት አለበት። ቮልቴጁ እንዳይነቃነቅ ከቺፑ ውጭ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ቢደረግለት በየመንቃቱ ከዜሮ ወደ 1 ቮልት መሙላት 1 ማይክሮጁል ያህል ይፈጃል። ባለ 26 ማይክሮዋቱ መቀየሪያ በዚህ ጉልበት 38 ሚሊሴኮንድ መሥራት ይችል ነበር፤ አንድ የብሉቱዝ መልእክት ግን ቢረዝም ከ2 ሚሊሴኮንድ እምብዛም አያልፍም። ለማንቃት ብቻ የሚወጣው ጉልበት ሙሉ መልእክቱን ለመለካት ከሚወጣው 18 እጥፍ ያህል ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ነዳፊው ወይ መቀየሪያው ሲተኛ ካፓሲተሩ እንደተሞላ እንዲቆይ ፍሳሹን ይቆጣጠራል፣ ወይም ወደ ቺፑ ውስጥ አስገብቶ ወደ 100 ፒኮፋራድ አካባቢ ያሳንሰዋል፤ ያን ጊዜ በየመንቃቱ የሚወጣው ጉልበት በ10,000 እጥፍ ይቀንሳል። የሚከፈለው ዋጋ ትንሹ ካፓሲተር በየጥያቄው ትንሽ መነቃነቁ ነው፤ ያን መነቃነቅ ደግሞ ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ተደራራቢ መመዘኛዎች እስከ መጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ድረስ ይታገሡታል።